ስለ ነጻው የኮምፒዩተር ኬላ

በቀድሞው ዘመን ሲራራ ነጋዴ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲሻገር በየመንገዱ ኬላ ይጠብቀው ነበር። ኬላ ጠባቂውም ጭነቱን አስወርዶ፣ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ ጠይቆ፣ ቀረጡን ተቀብሎ ያሳልፈው ወይም ይመልሰው ነበር። በእንግሊዝኛ «ፋየርዎል» የሚባለውን የኮምፒዩተር መሣሪያ ወደ ቋንቋችን የመለሱት ሰዎች «ኬላ» ብለው መሰየማቸው መልካም ነው፤ ቃሉን እንዳለ ተርጕመው «የእሳት ግንብ» ቢሉት ኖሮ ሥራው ምን እንደ ሆነ አንባቢ ባልገባው ነበር። የኮምፒዩተሩም ኬላ ሥራ ይኸው ነው። ከውጭ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚገባውንና ከኮምፒዩተሩ ወደ ውጭ የሚወጣውን መልእክት በየበሩ ቆሞ ይመረምራል፤ የተፈቀደለትን ያሳልፋል፣ ያልተፈቀደለትን ይመልሳል።

ዛሬ በብዙ ቤት ውስጥ የልጆች ትምህርት፣ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ፣ የአባትና የእናት የሥራ ደብዳቤ፣ የባንክ ሒሳብ ጭምር በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ተጠራቅሞ ይገኛል። ስለዚህም «ያለ ዋጋ የሚገኘውን ኬላ ከኢንተርኔት አውርደን ብንጭን ይጠቅመናልን?» ብለው የሚጠይቁኝ ወላጆች ብዙዎች ናቸው። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን በአንድ «አዎን» ወይም በአንድ «የለም» የሚያልቅ ስላልሆነ በዚህ ወር ዓምድ ጥቂት ዘርዘር አድርገን እንመለከተዋለን። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የኬላውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ኮምፒዩተር ከሌሎች ጋር የሚነጋገርባቸው በቍጥር የሚታወቁ በሮች አሉት፤ ቍጥራቸውም እስከ 65,535 ይደርሳል። ድረ ገጽ የምናነብበው በአብዛኛው በሌላው ወገን ባለው በር 443 በኩል ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያሉ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ፋይል የሚቀባበሉት ደግሞ በበር 445 በኩል ነው። ባለቤቱ ባያውቀውም ከእነዚህ በሮች አንዳንዶቹ ተከፍተው፣ ከውስጥ አንድ ፕሮግራም «ማን መጣ?» ብሎ የሚያዳምጥባቸው ናቸው። የሚያዳምጠው ፕሮግራም ጕድለት ያለበት እንደ ሆነ፣ ክፉ አሳቢ ሰው ባለቤቱ ምንም ሳይነካ በዚያ በር ይገባል።

ይህም በግምት የሚነገር አይደለም። በነሐሴ ወር 1995 ዓ.ም. «ብላስተር» የተባለ የኮምፒዩተር ትል በዓለም ላይ ተሠራጨ። ትል የተባለበትም ምክንያት እንደ ቫይረስ ሰው ፋይል እስኪከፍትለት ድረስ ሳይጠብቅ ራሱ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ስለሚሳብ ነው። የገባውም በበር 135 ነበረ። ሰዎች ኮምፒዩተራቸውን ከኢንተርኔት ጋር ከማገናኘት በቀር ምንም ሳያደርጉ፣ «በስድሳ ሴኮንድ ውስጥ ይዘጋል» የሚል ጽሑፍ እየመጣባቸው ኮምፒዩተሩ ደጋግሞ ይጠፋና ይነሣ ጀመር። የሚያሳዝነው፣ ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማደሻ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ አስቀድሞ በሐምሌ ወር አውጥቶት ነበር። ከዚህም በላይ በጥቅምት 1994 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የራሱ ኬላ ነበረው፤ ነገር ግን ባለቤቱ ፈልጎ ካላበራው በቀር የሚሠራ አልነበረም። በር ቢኖርም የሚዘጋው አልነበረም ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ስማቸው የገነነው «ዞንአላርም»፣ «ሲጌት»፣ «ኬሪዮ» የሚባሉት ለግል ተጠቃሚ በነጻ የሚሰጡ ኬላዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ነጻ ኬላ ልጫንን ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ያለ ማመንታት «ጫን» ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1996 ዓ.ም. መጨረሻ ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ባወጣው ሁለተኛ የአገልግሎት ጥቅል ኬላው ከመጀመሪያው በርቶ እንዲመጣ አደረገ፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት ዊንዶውሶች ሁሉ ኬላቸው በርቶ ይመጣሉ። ከዚህም ሌላ፣ በቤታችን ዋይፋይ የሚያሰራጨው ሳጥን፣ ራውተር የምንለው፣ ያልተጠራ እንግዳ ከውጭ ሲመጣበት ለየትኛው ኮምፒዩተር እንደሚሰጠው ስለማያውቅ በአብዛኛው ይጥለዋል። እንግዲህ ዛሬ በአንድ ተራ ቤት ውስጥ ከውጭ የሚገባውን የሚጠብቅ ዘበኛ አስቀድሞ ተቀጥሮ በበሩ ቆሟል፤ ለእርሱም የተለየ ዋጋ አልተከፈለም። ሌላ ነጻ ኬላ እናምጣ የሚል ሰው ሁለተኛው ዘበኛ የፊተኛው የማይሠራውን ምን እንደሚሠራለት መጠየቅ ይኖርበታል።

መልሱም አንድ ነው፤ የሚወጣውን መጠበቅ ነው። የዊንዶውስ ኬላ ከውጭ የሚገባውን በጥብቅ ይመረምራል፤ ከውስጥ የሚወጣውን ግን ባለቤቱ ራሱ ሕግ ካላወጣበት በቀር «ከቤት የሚወጣ የቤት ሰው ነው» ብሎ ሁሉንም ያሳልፋል። ነጻዎቹ ኬላዎች ግን አንድ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጭ ሊልክ ሲነሣ ያቆሙትና ባለቤቱን ይጠይቃሉ። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ፎቶግራፍ ለማሳመር ያወረድነው ትንሽ ፕሮግራም በየሰዓቱ ወደማናውቀው ቦታ የሚልከው ነገር ምንድር ነው? የልጁ ጨዋታስ ስለ ምን ኢንተርኔት ይፈልጋል? ኬላው ባይነግረን ይህን ሁሉ አናውቀውም ነበር። በአገራችንም ኢንተርኔቱን በሜጋባይት እየገዛ የሚጠቀም ቤተ ሰብ ብዙ ስለሆነ፣ ጥቅሉ ሳይታሰብ ያለቀበትን ምክንያት ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ ጥቂት ነው።

ዳሩ ግን ትልቁ ጕዳት ያለው በዚሁ በትልቁ ጥቅም ውስጥ ነው። የድሮው ኬላ ጠባቂ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው ጭነቱን የጫነው ነጋዴ ነበር፤ ምን እንደ ጫነም ያውቃል። የኮምፒዩተሩ ኬላ ሲጠይቅስ መልስ ሰጪው ማን ነው? ጥያቄው «ኤስቪሲሆስት የተባለው ፕሮግራም በበር 53 ወደ ውጭ ሊወጣ ይፈልጋል፤ ይፈቀድለት ወይስ ይከልከል?» የሚል ነው። ኤስቪሲሆስት የዊንዶውስ የራሱ ሠራተኛ መሆኑን፣ እርሱንም ቢከለክሉት ድረ ገጽ ሁሉ አልከፍት እንደሚል፣ ማደሻዎችም እንደሚቋረጡ ያልተማረ ሰው ከምን ያውቃል? ደግሞም አጥፊዎች ለክፉ ፕሮግራማቸው ይህንኑ ስም ወይም እርሱን የሚመስል ስም ስለሚሰጡት «ስሙን አውቀዋለሁ» ማለትም አያድንም።

ስለዚህ የሚሆነውን እንመልከት። ልጁ የቤት ሥራውን እየሠራ ሳለ ጥያቄው በመስተዋቱ ጥግ ብቅ ይላል። «አባዬ፣ ይፈቀድለት ወይ ይላል» ብሎ ይጣራል። አባትም ከሳሎን ሆኖ «እሺ በለውና ሥራህን ቀጥል» ይለዋል። በመጀመሪያው ቀን ሃያ ጊዜ ያህል እንዲህ ከሆነ በኋላ ልጁ መጣራቱን ይተዋል፤ ጥያቄውንም ማንበብ ይተዋል፤ እጁ ብቻ «ፍቀድ» የሚለውን መጫን ይለምዳል። ከአንድ ወር በኋላ በእውነት የሚያሠጋው ፕሮግራም ሲመጣ እርሱም እንደ ሌሎቹ ፈቃዱን ተቀብሎ ያልፋል። ተቃራኒው ዓይነት ሰውም አለ፤ ሁሉን እየከለከለ የኮምፒዩተሩን ማደሻ ጭምር ዘግቶ፣ የብላስተርን ዓይነት ቀዳዳ በገዛ እጁ ክፍት አድርጎ የሚያቆይ። በእኔ አስተያየት ሁለተኛው ከፊተኛው ይከፋል፤ ራሱን የተጠበቀ አድርጎ ስለሚቈጥር ሌላ ጥንቃቄ አያደርግምና።

የሚወጣውን መጠበቅ ወሰን እንዳለውም በጊዜው ታይቷል። በ1993 ዓ.ም. ስቲቭ ጊብሰን የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ሠሪ አንዲት ትንሽ መፈተኛ አወጣ። ፕሮግራሚቱ ስሟን ለውጣ አስቀድሞ የተፈቀደለትን የሌላ ፕሮግራም ስም ስትይዝ፣ በዚያን ጊዜ ከነበሩት ታዋቂ ኬላዎች አንዳንዶቹ ሳይጠረጥሩ አሳለፏት። ከዚያ በኋላ ኬላ ሠሪዎቹ ከስም አልፈው የፕሮግራሙን አሻራ መመርመር ያዙ፤ አጥፊዎቹም በበኩላቸው በተፈቀደለት ፕሮግራም ውስጥ ተሸሽገው መውጣትን ተማሩ። ሌባው አንዴ ከቤት ከገባና የባለቤቱን ሥልጣን ከያዘ በኋላ በበሩ ላይ ያለውን ዘበኛ ማሰናበት ይችላል።

አሁን «ነጻ» ወደሚለው ቃል እንምጣ። ዋጋ የማይጠየቅበት ዕቃ ሁሉ መጠርጠር አለበት አልልም፤ ነገር ግን ሰጪው በምን እንደሚኖር መጠየቅ የአስተዋይ ቤተ ሰብ ልማድ ነው። ነጻ ኬላ የሚሰጡ የንግድ ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት ነጻውን የለመደ ሰው አንድ ቀን የሚከፈልበትን ይገዛል ብለው ነው። ይህ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚመጣው ገዢውን በማስፈራራት ለማምጣት ሲሞከር ነው። በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ነጻውን ዞንአላርም የጫኑ ሰዎች ኮምፒዩተራቸው ውስጥ አንድ አደገኛ ቫይረስ ያለ የሚያስመስል ማስጠንቀቂያ መጣባቸው፤ ነገሩ ሲመረመር ግን የሚከፈልበትን እንዲገዙ የሚጋብዝ ማስታወቂያ ሆኖ ተገኘ፤ ሕዝብም ስላጕረመረመ ኩባንያው ማስታወቂያውን አነሣ። ዘበኛ ደመወዝ እንዲጨመርለት ብሎ ሌሊት «ሌባ መጣ!» እያለ ቢጮኽ የትኛው አባወራ ያቆየዋል?

ከዚህ የባሰም አለ። በፕራግ ከተማ የተቋቋመው አቫስት ነጻ የቫይረስ መከላከያ በመስጠት የታወቀ ኩባንያ ነው። ጃምፕሾት በተባለ ቅርንጫፉ አማካይነት የተጠቃሚዎቹን የድረ ገጽ ጕብኝት ታሪክ ይሸጥ እንደ ነበር በ2012 ዓ.ም. በይፋ ታወቀ፤ ቅርንጫፉም በዚያው ዓመት በጥር ወር ተዘጋ። በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለዚህ ነገር 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አዝዞታል። ይህ የቫይረስ መከላከያ እንጂ ኬላ አይደለም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ኬላም ከኮምፒዩተሩ የሚወጣውንና የሚገባውን ሁሉ የሚያይ ስለሆነ፣ ማየቱን ለማን እንደሚያወራ ማወቅ እኩል ያስፈልጋል። ሲጫን «እስማማለሁ» የሚለውን ከመጫን አስቀድሞ ስለ መረጃ አሰባሰብ የሚናገረውን ክፍል ብቻ እንኳ ማንበብ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ነጻ ሰጪ ግዴታ የለበትምና ሲፈልግ ይተወዋል። ሲጌት በሌላ ኩባንያ ከተገዛ በኋላ በ1998 ዓ.ም. ኬላው ተቋርጧል፤ የጫኑትም ሰዎች ማደሻ የማይመጣለት ዘበኛ ይዘው ቀሩ። ኬላውም ራሱ ፕሮግራም ስለሆነ እንደ ሌላው ፕሮግራም ይታመማል። በመጋቢት 1996 ዓ.ም. «ዊቲ» የተባለው ትል ብላክአይስንና የአንድ ኩባንያ ሌሎች የጥበቃ ፕሮግራሞችን ብቻ እየፈለገ በእነርሱው ጕድለት በኩል ገብቶ፣ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ 12,000 ያህል ኮምፒዩተሮችን ይዞ በዲስካቸው ላይ ያለውን እያበላሸ ሄደ፤ ኬላ ያልነበራቸው ሰዎች ከዚህ ትል ዳኑ። እርግጥ ነው፣ ብላክአይስ በገንዘብ የሚሸጥ ነበረ፤ ስለዚህም ይህ ጕዳት የነጻው ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ደግሞ የዊንዶውስ አንድ አስፈላጊ ማደሻ ሲወጣ ዞንአላርም ከእርሱ ጋር ስላልተስማማ ብዙ ሰዎች ኢንተርኔታቸው በድንገት ተቋረጠ። መፍትሔው በኢንተርኔት ላይ ተጽፎ ነበር፤ እነርሱ ግን ኢንተርኔት አልነበራቸውም!

ከንግድ ኩባንያዎች ውጭ ሌላ ዓይነት ነጻ አለ፤ የተሠራበት ጽሑፍ ለሁሉ ክፍት ሆኖ ዐዋቂ የሚመረምረው። ለዊንዶውስ «ታይኒዎል» እና «ሲምፕልዎል»፣ ለአፕል ኮምፒዩተር «ሉሉ»፣ ለአንድሮይድ ስልክ «ኔትጋርድ» የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ታይኒዎልን ለየት የሚያደርገው፣ ጥያቄ እያነሣ ባለቤቱን የማያሰለች መሆኑ ነው፤ ከዊንዶውስ ከራሱ የማጣሪያ መሣሪያ ጋር ይሠራል፤ ያልተፈቀደውን ዝም ብሎ ይከለክላል፤ ባለቤቱም የሚፈልገውን ፕሮግራም ራሱ ሄዶ ያስፈቅዳል። ከላይ የተናገርነው የልጁና የአባቱ ነገር በዚህ አይደርስም። ኔትጋርድም በስልክ ላይ የትኛው መተግበሪያ በሞባይል ዳታ እንዳይጠቀም ለመከልከል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ራሱ የቪፒኤን ቦታ ይዞ ስለሚሠራ ከእርሱ ጋር ሌላ ቪፒኤን አብሮ ማሠራት አይቻልም።

ደግሞም ኬላ የማያየው መንገድ አለ። በትምህርት ቤቶቻችንና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ፋይሎችን «ሾርትከት» እያደረገ የሚያስቸግረው ቫይረስ የሚመጣው በፍላሽ ነው፤ ፍላሽ በኪስ ይገባል እንጂ በኬላ አያልፍም። በቴሌግራም የተላከ ፋይልም ባለቤቱ ራሱ ጠርቶ ያስገባው እንግዳ ነው። «ከባንክ ነው የምንደውለው» ብሎ በስልክ የሚስጥር ቍጥር ለሚጠይቀው ሰው ደግሞ ኬላ ምን ያደርገዋል? በግንቦት 2009 ዓ.ም. በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን የያዘው «ዋናክራይ» በበር 445 ሲዛመት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እርስ በርሳቸው ተማምነው በሩን ክፍት ያደረጉ ኮምፒዩተሮች አንዱ ሲታመም ሁሉም ታመሙ። የሚደፍነው ማደሻ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ ማደሻውን ያስገቡት በዚያ ቀዳዳ አልተጠቁም።

የእኔ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። ኮምፒዩተሩ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነና ከቤተ ሰቡ መካከል የኬላውን ጥያቄ አንብቦ፣ ያላወቀውን ፈልጎ አጣርቶ መልስ የሚሰጥ ሰው ከሌለ፣ ሌላ ነጻ ኬላ መጫን ጥቅሙ ጥቂት፣ ድካሙ ብዙ ነው፤ የራሱ ኬላ በርቶ ማደሻው ሳይቋረጥ ይበቃዋል። (ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ማደሻ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን ያልሰማችሁ ካላችሁ ከማንኛውም ኬላ በፊት ይህ ይታሰብበት።) እንዲህ ያለ ሰው በቤቱ ካለ ግን፣ ለአቅመ ትምህርት የደረሰ ትጉህ ልጅም ቢሆን፣ ክፍት ከሆኑት አንዱን ጭኖ የሚወጣውን መመልከት ብዙ ያስተምረዋል። ሁለት ኬላ በአንድ ጊዜ ማሠራት አይገባም፤ እርስ በርስ ይጋጫሉ። የንግድ ኩባንያ ኬላ ሲጫን አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውሱን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ አዲሱ በተነሣ ጊዜ የፊተኛው ተመልሶ መቆሙን ማየት ያስፈልጋል።

ተንቀሳቃሹን ኮምፒዩተር ይዘን ወደ ሆቴል ወይም ወደ ካፌ ስንሄድ በቤት የነበረው ራውተር አብሮን አይሄድም። ዊንዶውስ ከአዲስ ዋይፋይ ጋር ሲገናኝ «ፐብሊክ ነው ወይስ ፕራይቬት?» ሲል፣ ከቤታችን በቀር ለሌላው ሁሉ «ፐብሊክ» ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ ኬላው በሮቹን ይበልጥ ይዘጋል። ለልጆችም የራሳቸው የመግቢያ ስም፣ ፕሮግራም የመጫን ሥልጣን የሌለበት፣ ይከፈትላቸው። ከአሥር ነጻ ኬላ የዚህ ጥቅም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ጥገና ቤት አንድ ነገር ልጨምር። ኮምፒዩተሩን ፎርማት አስደርገን ስንቀበል «ክራክ» የሚባለው፣ የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚያስከፍተው፣ ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል፤ ከእርሱም ጋር የሚሰጠው መመሪያ በአብዛኛው «አስቀድመህ መከላከያውንና ኬላውን አጥፋ» ይላል። ጠጋኙም አጥፍቶ ሥራውን ይጨርስና ሳያበራው ይመልስልናል። ስለዚህ ገንዘቡ ከመከፈሉ አስቀድሞ በዚያው በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» የሚለውን አስከፍታችሁ የኬላውን ክፍል እዩ፤ ሦስት መስመሮች አሉ፣ በሦስቱም ላይ አረንጓዴ ምልክት መታየት አለበት። ጠጋኙ «አንድ ፕሮግራም አልሠራ ስላለኝ ነው ያጠፋሁት» ካለ የፕሮግራሙን ስም ይንገራችሁ፤ ለዚያ ለአንዱ ብቻ ፈቃድ ሰጥቶ ኬላውን መልሶ ማብራት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።